ጥፋቱ ከድሩ ነው

(ባሕር ዳር ላይ ሽመና ለሚጀምሩ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ምንጣፉ ላይ አረፍ በሉ። ሸማኔ ሊሆን የመጣ ሰው መሬት መቀመጥ ቢለምድ አይጎዳውም።

ስለ ጀማሪ ስሕተት እንድናገር ነው የተጠራሁት። ደስ ብሎኛል። ሽመና ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ባህልና ስለ ውበት ነው። ያ ለበዓል መድረክ ጥሩ ነው። ነገ ጠዋት መወርወሪያ ለሚጨብጥ ሰው ግን ብዙም አይረባውም። ስለዚህ እኔ የማወራው ስለሚበጠስ ክር፣ እየጠበበ ስለሚሄድ ጨርቅ፣ ስለሚወላገድ ዳር ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ጀማሪ ጨርቁ ላይ ችግር ሲያይ እዚያው ጨርቁ ላይ ሊያቃናው ይታገላል። ጠንከር አድርጎ ይመታል፣ ማጉን፣ ማለትም በአግድም የሚገባውን ክር፣ ይጎትታል፣ ዳሩን በጣቱ ይስባል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተፈጠረው እሱ ገና ሸማኔ እግሩን አስገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ሳይገባ ነው። ፈትሉ ሲገዛ፣ ክሩ በቀሰም ላይ ሲጠነጠን፣ ድሩ፣ ማለትም በቁመት የሚዘረጋው ክር፣ ሲደራ። ስለዚህ ጨርቁ ሲያስቸግራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። «ይሄ ነገር ከየት ጀመረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ድሮ ይህን ማንም መናገር አያስፈልገውም ነበር። የሸማኔ ልጅ ቀሰም እየጠነጠነ ነው የሚያድገው። አባት ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ «ቀሰም አምጣ!» ይላል፣ ልጅ ያቀብላል። ልል አድርጎ የጠነጠነው ከሆነ ክሩ በአንዴ ይወርድና ይተበተባል፣ ቁጣውም ተከትሎ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ መወርወሪያ ሳይዝ ክር ያውቃል። በእርግጥ ያ ትምህርት ቤት በር ዝግ ነበር። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚያልፈው ሰው ስለናቀውም ጭምር ነው። የሸመነውን ለብሰው «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ይሰድቡት ነበር እኮ! ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል።

እናንተ የመጣችሁት ግን ከትምህርት ቤት፣ ከባጃጅ፣ ከቢሮ ነው። ስልካችሁ ላይ የሽመና ቪዲዮ አይታችኋል። መወርወሪያው ከወዲያ ወዲህ ይበራል፣ እግር ይረግጣል፣ ጥለቱ ይወጣል። በቃ። ድር ሲደራ የሚያሳይ ቪዲዮ ማን ያያል? ላይክም አያመጣም። ስለዚህ የሸማኔ ልጅ በመጨረሻ የሚደርስበት ላይ እናንተ በመጀመሪያው ቀን ትቀመጣላችሁ። ይህ ነውር አይደለም። የዘለላችሁትን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

እስቲ ከገበያው እንነሣ። አንዲት ተማሪ ነጠላ ስትሠራ መሀሉ ላይ ወፈር ያለ መስመር ወጣባት። ጨርቁን ወደ ብርሃን ስትይዘው ከላይ ስስ፣ ከመስመሩ በታች ደግሞ ድፍን ያለ ነው። «አመታቴ ነው» ብላ ተጨነቀች። አመታቷ ምንም አላለም። ፈትሉን ወደ ሸጡላት እናት ተመልሰን ሄድን።

«እማማ፣ ይሄን ልቃቂት እርስዎ ነዎት የፈተሉት?» አለቻቸው።

«አዎ ልጄ። ከላይ ያለው የኔ ነው። ከሥር ያለው የምራቴ ነው፣ ዓይኔ እምቢ ሲለኝ እሷ ጨረሰችው።»

እንግዲህ አንድ ልቃቂት ውስጥ ሁለት እጅ አለ። የአማትና የምራት ድንበር ነጠላው ላይ ወጣ ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፈትል ስትገዙ ከላዩ ብቻ አትዩ። ከጥቂት ልቃቂቶች ክር ሳብ አድርጋችሁ እርሳስ ላይ ጎን ለጎን ጠምጥሙ። የአንድ ጣት ስፋት ለመሙላት ስንት ዙር እንደፈጀ ቁጠሩ። ቁጥራቸው የሚቀራረበውን ለአንድ ጨርቅ አድርጉት። የማይቀራረበውን ለሌላ። ሁሉም ፈትል የተለያየ ከሆነባችሁ ደግሞ ሁለት መወርወሪያ ይዛችሁ አንዴ ከአንዱ አንዴ ከሌላው እያፈራረቃችሁ ወርውሩ። ልዩነቱ ጨርቁ ላይ ይበተናል፣ መስመር ሆኖ አይወጣም።

የክሩንም ክርር እዩ። ክሩን ወጥራችሁ ቀስ ብላችሁ ላላ አድርጉት። ወዲያው እየተጠማዘዘ ከራሱ ጋር ከተጠላለፈ ከመጠን በላይ ከርሯል፣ ማግ ሲሆን ጨርቁን ያንጨፈርረዋል። ሳብ ስታደርጉት ጥጡ እየሳሳ ከተለያየ ደግሞ ክርሩ አንሶታል። ለድር እንዲህ ያለውን በፍጹም አትንኩ። ድር ይወጠራል፣ ይፋተጋል፣ በእያንዳንዱ እርግጫ ከፍ ዝቅ ይላል። ማግ ግን አንዴ ከገባ ሥራው አልቋል፣ ይተኛል። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል የሚያደርገው። «ንጹሕ የእጅ ሥራ አይደለም» ብለው የሚያኮርፉ አሉ። ጀማሪ እነሱን ባይሰማ ይሻላል። የፋብሪካ ድር ውፍረቱም ክርሩም አንድ ዓይነት ስለሆነ ከብዙ ጣጣ ያድናችኋል። ለነገሩ ባሕር ዳር ራሷ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲውም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለው። ፋብሪካና ጉድጓድ እዚህ ከተማ ጎን ለጎን ነው የኖሩት፣ ጠላትም አይደሉም።

አሁን ወደ ድሩ። እዚህ ትንሽ እንቆያለን።

ድር ለማድራት ካስማ ይተከላል። ክሩን ይዛችሁ ከካስማ ካስማ ትመላለሳላችሁ፣ ትመላለሳላችሁ። ጠዋት ስትጀምሩ እጃችሁ ንቁ ነው፣ ክሩን ወጠር አድርጋችሁ ትይዛላችሁ። ፀሐይ ስትበረታ ወሬ ይመጣል። ስልክ ይጠራል። አንድ እጅ ስልክ ላይ፣ አንድ እጅ ክር ላይ። በዚያ ሰዓት የዞሩት ክሮች ከቀሩት ጥቂት ይረዝማሉ። ካስማው ላይ እያሉ ማንም አያያቸውም። የሽመናው ዕቃ ላይ ወጥተው ሲወጠሩ ነው ጉዱ የሚወጣው። ረጃጅሞቹ ይረግባሉ፣ አጫጭሮቹ ጭነቱን ብቻቸውን ይሸከማሉ። የረገቡት የመወርወሪያው መንገድ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ መወርወሪያውም በሥራቸው ማለፍ ሲገባው በላያቸው ያልፋል። የተወጠሩት ይበጠሳሉ። ጨርቁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንዳለ ጣና ሞገድ ያወጣል።

ጀማሪው ይህን ጊዜ ምን ያደርጋል? ድሩን ሁሉ አጥብቆ ይወጥራል። የረገቡት ትንሽ ይሻሻላሉ፣ የተወጠሩት ግን በየተራ «ጧ!» እያሉ መበጠስ ይጀምራሉ። «ክሩ መጥፎ ነው» ይላል። ክሩ ምን አደረገ?

ሽመና ከመጀመራችሁ በፊት ድሩን ወጥራችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ከዳር እስከ ዳር ዳብሱት። እጅ ዓይን የማያየውን ያገኛል። የላላ ቦታ ካለ መዳፋችሁ ወረድ ይላል። ሰፊ ካልሆነ ከወደ ኋላ በኩል፣ ድሩ በሚጠቀለልበት እንጨት ላይ፣ በላሉት ክሮች ሥር የታጠፈ ወረቀት ወይም ስስ እንጨት ሸጎጥ አድርጉ። ልልነቱን ይወስድላችኋል። ግማሹ ድር ላልቶ ግማሹ ከተወጠረ ግን ወረቀት አያድናችሁም። አውርዳችሁ እንደገና አድሩት። አዎ፣ ያማል።

ሌላው ክሮቹ የሚጠላለፉበት ቦታ ነው። ድሩ ሲደራ በሁለት ካስማዎች መሀል አንዱ ክር ከላይ አንዱ ከሥር እያለ መስቀለኛ ይሠራል። የክሮቹን ተራ የሚጠብቀው ያ መስቀለኛ ብቻ ነው። ከካስማው ከማውጣታችሁ በፊት ሌላ ቀለም ባለው ክር በሁለቱም በኩል እሰሩት። «በእጄ እይዘዋለሁ» የሚል ጎበዝ ሁልጊዜ አይጠፋም። አንዱ ጎረምሳ እንዲሁ ብሎ ድሩን ሳያስር ከካስማው መዞ አወጣው። ቀና ብሎ ሰው ሰላም ሲል ከእጁ አመለጠ። ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ እስኪመሽ ሲፈታ ዋለ። መጨረሻ ላይ በመቀስ ተቆረጠ፣ ክሩም ለማሰሪያ ሆነ። ልጁ አሁን ጎበዝ ሸማኔ ነው፣ ሲያስር ግን ሦስት ቦታ ነው የሚያስረው። ጓደኞቹ እስከ ዛሬ ይስቁበታል።

የእኛን አገር አየርም አትርሱ። ሐይቅ ዳር ነው ያለነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ደጅ ድር የሚያደራ ሰው በማለዳ ቢነሣ ይሻለዋል። በጋ ሲሆን ደግሞ አየሩ ይደርቃል። ጥጥ ርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ሲደርቅ ይሰባበራል። አንዳንዱ «ሐይቅ አጠገብ ሆነን እንዴት ይደርቃል?» ይላል። የካቲትና መጋቢት ላይ ከንፈራችሁ ሲሰነጠቅ አላያችሁም? ክሩም እንደዚያው ነው። ጉድጓዱ ዙሪያ መሬቱን ውኃ ረጨት አድርጉበት። መስኮቱን በነፋሱ በኩል ዝጉት።

ድሩን በቀጭን ሙቅ ማራስም የሚዘለል ሥራ ነው። ዱቄቱ በውኃ ይበጠበጣል፣ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ድሩ ላይ ይቀባል። የክሩን ጭገር ያስተኛል፣ ከመፋተግም ይጠብቃል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሙቁን ጭራሽ ይተወዋል፣ ድሩም ገና ሳይጋመስ ጥጥ ጥጥ ይላል። ሌላው ገንፎ ያደርገዋል። ሲደርቅ ክሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ በሚቀጥለው ቀን እንጨት ሆነው ይጠብቁታል። ሙቁ ከጣት ላይ ፈሰስ የሚል ይሁን። ሲደርቅም ቁጭ ብላችሁ አትዩት፣ በየመሀሉ ክሮቹን ለያዩ።

ክሮቹን ድሩን ከፍ ዝቅ በሚያደርጉት ቀለበቶችና ማጉን በሚያስጠጋው መምቻ ጥርሶች ውስጥ ስታስገቡ ደግሞ ዝም ብላችሁ ሥሩ። ይህን በምክርነት ሳይሆን በትእዛዝ ነው የምናገረው። ወሬ የለም፣ ሙዚቃ የለም። በአንድ ጥርስ ሁለት ክር ካለፈ ከመጀመሪያው ክንድ እስከ መጨረሻው ወፍራም መስመር ይዞ ይሄዳል። አንድ ጥርስ ባዶ ከቀረ ቀጭን ስንጥቅ ይኖራል። ይህ ስሕተት በኋላ አይጠገንም፣ ጥሩ መምታትም አያጠፋውም። ስለዚህ መጀመሪያ ደመቅ ባለ ቀለም ማግ አንድ ጋት ያህል ሸምኑ። ተነሡ፣ በብርሃን አንጻር እዩት፣ ከሥሩም ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ስሕተቱ ያኔ ከተገኘ ማስተካከያው ቀላል ነው።

አሁን ገና ጉድጓዱ ውስጥ ገባን። ብዙ የቀረ መስሏችሁ ከሆነ፣ አልቀረም።

ከተቀመጡ በኋላ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ማግ መጎተት ነው። ጀማሪ ዳሩ እንዲያምርለት መወርወሪያው ባለፈ ቁጥር ክሩን ጥብቅ ያደርጋል። ማግ ግን ቀጥ ብሎ አይተኛም፣ ከድሩ በላይና በታች እየተጠማዘዘ ነው የሚሄድ፣ ስለዚህ ከጨርቁ ስፋት የሚበልጥ ርዝመት ይፈልጋል። ያንን ከከለከላችሁት ከዳሩ ይወስዳል። ጨርቁ ይጠባል። ዳሩ ወደ ውስጥ ሲገባ የዳሩ ድሮች ከመምቻው ጥርስ ጋር በሰያፍ ይፋተጋሉ። ይበጠሳሉ። ጀማሪው ይቀጥላል፣ ይጠባል፣ ይበጠሳል። ማጉን ስትወረውሩ ወደ ላይ ገደድ አድርጋችሁ ተዉት፣ ከዚያ ምቱ። ሲመታ ራሱ ቦታውን ያገኛል። ጨርቁንም ዳርና ዳሩን ወጥራ በምትይዝ ቀጭን እንጨት አግዙት፣ በየጋቱም ወደ ፊት አንቀሳቅሷት።

መምታት ሰው እንደሚያስበው የጉልበት ነገር አይደለም። ችግሩ አለመመጣጠኑ ነው። ከምሳ በፊት የሠራችሁትና ከምሳ በኋላ የሠራችሁት ይለያያል። የተናደዳችሁበት ሰዓት ጨርቁ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአንድ ብር ሳንቲም ጨርቁ ላይ አስቀምጡና በስፋቱ ስንት ማግ እንደገባ ቁጠሩ። ከእረፍት በተመለሳችሁ ቁጥር እንደገና ቁጠሩ። እጃችሁ እስኪለምድ ድረስ ሳንቲሟ ከኪሳችሁ አትጥፋ።

ክር ሲበጠስ አትደንግጡ፣ ለሁሉም ይበጠሳል። ጀማሪ ግን የተበጠሱትን ሁለት ጫፎች አፋጥጦ በትልቅ ቋጠሮ ያስራቸዋል። ቋጠሮው መምቻው ጥርስ ላይ ሲደርስ ይሰነቀራል፣ እንደገና ይበጥሳል፣ አንዳንዴም ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። አዲስ ክር ከኋላ በኩል፣ ከመምቻው ርቆ፣ በትንሽ ጠፍጣፋ ቋጠሮ ቀጥሉ። በቀለበቱና በጥርሱ አሳልፉት። ፊት ለፊት ያለውን ጫፍ አትሰሩት፣ ጨርቁ ላይ መርፌ ሰክታችሁ በመርፌዋ ላይ ጠምጥሙት። ጥቂት ከተሸመነ በኋላ መርፌዋን ንቀሉ። አለቀ።

አንድ ልጅ ቅድም በር ላይ «የተሳሳትኩትን ሁሉ ልፍታ ወይስ ልለፈው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ እንዲህ ነኝ። የዘለለ ማግ አራት ጣት ሳይርቅ ካያችሁት ፍቱት። ከራቀ ተዉት፣ ጨርቁ ከወረደ በኋላ በመርፌ ይታረማል። የአመታት ልዩነት ከሆነ ለምንም ብላችሁ አትፍቱ። ፈትሉ በተፈታ ቁጥር ይጎፍራል፣ ይሳሳል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ጥርስ ላይ የተሳሳተ ድር ከሆነ ግን አንድ ክንድም ብትሠሩ ቆርጣችሁ አስተካክሉ። ሁሉን እፈታለሁ የሚል ሰው ጋቢ ሳያወጣ ክረምት ይገባበታል።

ስለ ወንድና ሴትም ተጠይቄአለሁ። «ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል» የሚለው ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። እዚሁ ፎገራ፣ አውራምባ ሂዱ። ዙምራ ኑሩ በመሠረቱት ማኅበረሰብ ሴቱም ወንዱም ይሸምናል። እኔ ያየሁት ደግሞ ይሄ ነው፤ ከእናታቸው ጋር ሲፈትሉ ያደጉ ልጆች ጉድጓድ ሲገቡ ቶሎ ይገባቸዋል። ክሩ ሊበጠስ ሲል እጃቸው ቀድሞ ያውቃል። ወንዶቹም እንዝርት ብታነሡ ሼም የለውም።

በመጨረሻ ከሁሉም የሚመጣው ጥያቄ «በምን ልጀምር?» ነው። ሁሉም በጥለት መጀመር ይፈልጋል፣ ጥለት ይሸጣላ! ሰፊም ይፈልጋል። ሁለቱም ይቆዩ። መወርወሪያ በእጅ እስከተወረወረ ድረስ የጨርቅ ስፋት የሸማኔው ክንድ እስከሚደርስበት ነው። ትልቅ ጨርቅ ሲያስፈልግ ቁራጮች ጎን ለጎን ይሰፋሉ። ሐይቁን ተሻግራችሁ ጎንደር ላይ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የቤተ ክርስቲያን የሐር መጋረጃ እንኳ ሦስት ቁራጭ ተጋጥሞ ነው። ስለዚህ በጠባቡ አትፈሩ። ጥለት ስትጀምሩ ደግሞ በሜትር አትለኩት። ጨርቁ ተወጥሮ እያለ የለካችሁት ሲወርድ ያጥራል፣ የሁለቱ ጫፍ ጥለት አይገጥምም። ማጉን ቁጠሩ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በሌላኛው ጫፍ ያንኑ ድገሙ።

የመጀመሪያው ድራችሁ ጠባብ፣ አጭር፣ ነጭ በነጭ ይሁን። አንገት ልብስ የሚሆን። ስታደሩት ከምትፈልጉት ርዝመት አስበልጡት። ከመጨረሻው የድሩ ጫፍ የማይሸመን ይቀራል፣ ድሩ በማጉ ዙሪያ ሲጠማዘዝም ያጥራል፣ ሲታጠብ ደግሞ ይሰበሰባል። ቆርጣችሁ ስታወርዱ ሳታጥቡ አንዴ ለኩ። ዘርፉን ቋጩ። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፣ ሳትጠመዝዙ ጥላ ላይ አስጡት፣ ሲደርቅ እንደገና ለኩ። ሦስቱንም ቁጥር ጻፉ፤ ያደራችሁትን፣ ከዕቃው ሲወርድ ያለውን፣ ታጥቦ የቀረውን። የሁለተኛውን ድር ርዝመት የምታወጡት ከእነዚህ ነው። ጨርቁንም ይዛችሁልኝ ኑ፣ ለዘመድ ከመስጠታችሁ በፊት በብርሃን እንየው።